ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ወደ አዋሽ ሸለቆ ስለምናደርገው የእግር ጉዞ

አዳማ፣ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በዓሉስ እንዴት አለፈ?

ቅዳሜ ጥር 23፣ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ባለቀ ማግስት፣ የ7ኛ ክፍል ልጆቻችሁን ወደ አዋሽ ሸለቆ ልንወስዳቸው አስበናል። ቦታው ሩቅ አይደለም። በአሰላው መንገድ ወደ አዋሽ መልካሳ ሄደን፣ ወንዙ በገደል መሀል የሚያልፍበት አካባቢ ነው። አውቶቡሱ እስከ መንገዱ ዳር ያደርሰናል። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ በሸለቆው አፋፍ፣ ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር ያህል።

ገና ሳልጨርስ «አዞውስ?» ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ የቆየ ጥፋቴን ልናገር። ከ5 ዓመት በፊት 90 ልጆች ይዘን ወደ ፍል ውሃ ሄድን። አስተማሪዎቹ 4 ብቻ ነበርን። ስንሄድ ቆጠርናቸው። ስንመለስ ሁላችንም ደክሞን ነበርና «ሞልታችኋል?» አልኩ። ልጆቹ «አዎ!» ብለው ጮኹ፣ ሹፌሩም ነዳው። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ልጅ እንደጎደለ ታወቀ። ተመልሰን ስናገኘው ለጦጣዎች ሙዝ ሲያበላ ነበር። እሱ ምንም አልመሰለውም። እናቱ ግን ማታ በሩ ላይ ቆመው ዝም ብለው አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆች ይዘን ወጥተን አናውቅም።

ታዲያ አሁን ምን ነካኝ? ኅዳር ላይ የግቢ ጥበቃችን አንድ ነገር ነገረኝ። ጥቂት ወንዶች ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ባጃጅ ተጋርተው ወንዝ ሊዋኙ ይሄዳሉ። ቤት የሚናገሩት «ጥናት አለን» ብለው ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ይህን የምጽፈው ለማሳጣት አይደለም። ክፍል ገብቼ ስለ አዋሽ ጠየቅኋቸው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ እንደሚያልቅ በአንድ ድምፅ መለሱልኝ። ፈተና ላይ ይመጣላ! ውሃው በምን ምክንያት ድንገት እንደሚነሳ ግን ከ41ዱ አንድም የሚያውቅ የለም። መሄዳቸው ካልቀረ ከእኛ ጋር ይሂዱ አልኩ።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። ልጆቹ ምክንያቱን ዓይናቸው እያየ እንዲረዱት እፈልጋለሁ። ከላያችን ቆቃ ግድብ አለ። ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። ከሱ በታች ያለው ወንዝ ዝናብ ብቻ እያየ አይሞላም። ኃይል ማመንጫው ብዙ ውሃ ሲለቅ፣ ሰማዩ ጠራራ ሆኖ ሳለ እንኳ ወንዙ ከፍ ይላል። ሜዳ ላይ ቢሆን ወደ ጎን ይሰፋ ነበር። ሸለቆ ውስጥ ግን ግራና ቀኙ አለት ነው። ያለው መሄጃ ወደ ላይ ብቻ ነው። ጠዋት የተሻገሩበት ድንጋይ ከሰዓት ተውጦ ሊገኝ ይችላል። በክረምት ደግሞ ከደጋው የሚወርደው ተጨምሮ፣ ግድቡ ሞልቶ በሩ የሚከፈትበት ጊዜ አለ። ጥርን የመረጥነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ውሃ ውስጥ ማንም አይገባም። እግር መንከርም የለም። አዞውም ቢሆን የሚያገኘን ወደ እሱ ስንወርድ ነውና አንወርድም። ቢልሃርዝያም አለ። ወንጂ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ትል ቆዳ በስቶ ነው የሚገባው።

እውነቱን ለመናገር እኔን ከአዞው ይልቅ የሚያስፈራኝ የገደሉ ጠርዝ ነው። እዚያ ካለው አለት ብዙው ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ተጋግሮ የሠራው ነው። ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፣ ጠርዙ ላይ ግን ይፈረፈራል። ልጆቹ ከጠርዙ 10 እርምጃ ርቀው ይሄዳሉ። ቁልቁል የሚያዩት በሁለት ቦታ ብቻ፣ ተቀምጠው፣ መምህር አጠገባቸው ሆኖ ነው። ስልክ የከለከልነውም ለዚህ ነው። ሰልፊ የሚነሳ ልጅ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።

በዚህ ጊዜ 7 መምህራንና አንድ ነርስ አብረው ይሄዳሉ። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ወጣትም ይመራናል። እያንዳንዱ መምህር 6 ልጅ ግፋ ቢል ነው የሚይዘው፤ ስማቸውን በወረቀት ይዞ፣ በየማረፊያው እየጠራ። «ሞልታችኋል?» የሚባል ነገር ቀርቷል። መንገዱን ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ጥር 16 ከመምህራኑ ጋር ቀድመን እንሄዳለን፤ ኑ።

የምንነሳው ጠዋት 12፡30 ነው፤ ፀሐዩ ሳይበረታ 7 ሰዓት ላይ ግቢ እንመለሳለን። ሸራ ጫማ፣ ኮፍያ፣ ረጅም ሱሪ ይልበሱ። ነጠላ ጫማ ያደረገ ልጅ አውቶቡስ አይገባም። ሁለት ሊትር ውሃ በፕላስቲክ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል። እባካችሁ ድግስ አትላኩ። ባለፈው አንዷ ልጅ ሙሉ ዶሮ ወጥ በሳህን ተሸክማ መጥታ ነበር። ጣፈጠን፣ ግን ልጅቷ ደከመች። ድንጋይ መገልበጥ፣ ጉድጓድ ውስጥ እጅ መክተት ክልክል ነው፤ እባብ አለ። ባልጩት ያገኘ አይቶ እዚያው ይተወዋል።

ሴቶች ልጆቻችሁን አታስቀሩብን። ሁለቱ መምህራን ሴቶች ናቸው፤ በወር አበባም ሆነ በሌላ ምክንያት የሚቸገሩ ካሉ ለእነሱ ይንገሩ። የአውቶቡሱ 250 ብር የከበደው ቢሮዬ መጥቶ ለእኔ ብቻ ይንገረኝ። በገንዘብ የሚቀር ልጅ አይኖርም።

የፈቃድ ቅጹን ፈርማችሁ እስከ ሰኞ ጥር 18 ላኩልን። አልፈቅድም የሚልም ይጻፍልን፤ አንቀየምም። አስም ወይም አለርጂ ያለበትን ልጅ አትደብቁን። ቅጹ ላይ «ልጅዎ መዋኘት ይችላል?» የሚል ጥያቄም አለ። በደንብ አስባችሁ መልሱት። «ይችላል» የተባለውን ልጅ ነው እኔ ራሴ አጠገቤ የማስኬደው።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር