ጠፋሁብሽ፤ ግን ስሚኝማ

እህትዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ጠፍቻለሁ፤ አውቃለሁ። ስድቡን ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ፤ አሁን የጨነቀኝ ነገር አለ።

ልጄ ኦቾሎኒ በላች። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ አበጠ፣ ሰውነቷ ሽፍ አለ፣ ከዚያ መተንፈስ አቃታት። ሐኪም ቤት አድሬናሊን ጭኗ ላይ ሲወጓት ትንፋሿ ተመለሰ። አሁን ደህና ናት፤ እንዲያውም ቤቱን እየረበሸችው ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ምን መሰለሽ? ከዚያ በፊት በልታው ምንም አልሆነችም ነበር! ሐኪሟን ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ ነው የገባኝ። ለካ ሰውነት መጀመሪያ ዝም ብሎ ውስጥ ውስጡን ይዘጋጃል። አይጂኢ የሚባል አንቲቦዲ፣ ማለትም ባዕድ ነገርን የሚለይ የመከላከያ ፕሮቲን፣ ይሠራል። እሱም ማስት ሴል በሚባሉ ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ኦቾሎኒው ዳግም ሲመጣ ሴሎቹ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች ይለቃሉ። ያኔ ቆዳ ያሳክካል፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግፊት ይወርዳል፣ የአየር ቧንቧ ይጠባል። እኔ ደግሞ አቅሟ ደክሞ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ የሰውነቷ መከላከያ ምንም ያልበደለ ምግብ ላይ ነው የዘመተው።

እናቴ "ትንሽ ትንሽ እየቀመሰች ትልመደው" ትላለች። እርግጥ በሐኪም ክትትል እየመጠኑ የሚያለማምዱበት ሕክምና አለ። ቤት ውስጥ የሚሞከር ግን አይደለም፤ ተጣላን ማለት ይቻላል። ሌላው ሰው ደግሞ "የአለርጂ ክኒን ስጫት" ይለኛል። ክኒኑ ማሳከኩን ያስታግስ ይሆናል እንጂ የተዘጋ ትንፋሽ አይከፍትም። መርፌው ነው መቅደም ያለበት። ከተወጋችም በኋላ ከሰዓታት ቆይቶ ሊያገረሽ ስለሚችል ሐኪም ቤት መቆየት አለባት።

አንቺ ይሄን ሁሉ ታውቂዋለሽ። ንብ ነድፋሽ ዓይንሽ እስኪጠፋ አብጠሽ "ፎቶ አንሱኝ" ያልሽ ጉደኛ! ሊፕስቲክሽን ትረሻለሽ እንጂ መርፌሽን አትረሺም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር... ተይው። ኧረ አልተወውም። አሁንም ትፈሪያለሽ? እኔ የምትጎርሰውን ሁሉ እየነጠቅኩ አያለሁ። አንዳንዴ ተኝታ ትንፋሿን አዳምጣለሁ፤ ለባሌም አልነገርኩት። ልጅ ሳለሽ እናትሽ ሳታስፈራራሽ እንዴት ነበር የነገረችሽ? ልጄ ለጓደኞቿ ልደት ተጠርታለች፤ መቅረቱን አልፈልግም፣ መሄዱንም እፈራለሁ።

መጻፉ ከሰነፈሽ ደውዪልኝ። ስልኬ ያው ነው፤ ማታ ማታ አልተኛም።