ስለ ዊልማ ሩዶልፍም ጻፉልን

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ሮም ኦሊምፒክ ሲነሳ ሁላችንም አበበ ቢቂላን እናስታውሳለን። ይገባዋል፤ አበበማ አበበ ነው! ግን በዚያው ኦሊምፒክ፣ በ1960 እ.ኤ.አ.፣ ዊልማ ሩዶልፍ የምትባል የ20 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትርና በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ሦስት ወርቅ አጥልቃለች። በአንድ ኦሊምፒክ በሩጫ ሦስት ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት እሷ ናት።

እኔን በጣም የሚነካኝ ልጅነቷ ነው። ከ22 ልጆች 20ኛዋ ነበረች። ፖሊዮ ግራ እግሯን ስለጎዳው ለዓመታት በብረት ድጋፍ ነው የሄደችው። በከተማቸው ለጥቁሮች በቂ ሕክምና አልነበረም። እናቷ በሰው ቤት እየሠራች፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ወደ ናሽቪል ታመላልሳት ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ እህት ወንድሞቿ እግሯን በየተራ ያሹላታል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ይባረክ! ከሮም በፊትም፣ በ16 ዓመቷ በሜልቦርን ኦሊምፒክ በዱላ ቅብብል ነሐስ አገኘች።

ከሮም ስትመለስም ጥቁርና ነጭ ተለያይተው የሚቀበሏት ከሆነ አልገኝም አለች። አብረው ተቀበሏት።

እዚህ ጎጃም የስፖርት መምህር ነኝ። እግሯን ያመማት ልጅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዳር ተቀምጣ ስትውል ማየት ያንገበግበኛል። ወላጆችም “ምን ትሆናለች?” ብለው ቤት ያስቀሯታል። እባካችሁ የዊልማን ታሪክ ከነፎቶዋ በስፖርት ገጻችሁ አውጡልን። ቆርጬ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ለወላጆች ስብሰባም አነበዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ማርቆስ