ለኪሮሽ አንድ ዓምድ ስጡን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅድሚያ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የሐዋሳ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት የእጅ ሥራ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጋዜጣችሁን ከፊት ገጹ እስከ ስፖርቱ አነባለሁ። ስለ ኑሮ ውድነቱና ስለ መንገዱ ሌሎች ይጽፉላችኋል። እኔን ብዕር ያስነሳኝ በክር የተሠራ አንድ የላም በረት ነው፤ ከእሱ ጋር የማቀርብላችሁ ልመናም አለኝ።

የልጅ ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። እናቷ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ትሰፋለች፤ የማታ ተረኛ በምትሆንበት ሳምንት ልጅቱ ከእኔ ጋር ታድራለች። መብራት ከማጥፋታችን በፊት እኔ «ተረት ተረት» እላለሁ፣ እሷ «የላም በረት» ትላለች። ልጆቼ አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን እያዩ ያደጉ ናቸው፤ በእኛ ቤት ይህ መልስ ከአፍ የሚወጣው ሳይታሰብ ነው። ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ምሽት ግን ልጅቱ መልሱን ሰጥታ ዝም አላለችም። «እማማ፣ የላም በረት ምንድን ነው?» አለችኝ።

ላሞች ማታ ማታ የሚገቡበት ቤት ነው አልኳት። ከአልጋ ወርዳ ለልደቷ የተሰጣትን የፕላስቲክ እርሻ ይዛ መጣች። ቀይ ጣሪያ ያለው ትልቅ መጋዘን፣ ትራክተር፣ ሮዝ አሳማ፣ ጥቁርና ነጭ ላም አለው። ላሟ ሆዷን ሲጫኗት በእንግሊዝኛ ትዘፍን ነበር፤ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። «ይሄ ነው?» አለች። ላሟ ስትጮኽ ምን ትላለች ብዬ ብጠይቃት «ሙ» አለችኝ። «እምቧ» የሚለውን አታውቀውም።

የሐዋሳ ልጅ ናት። አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት አይታለች፤ ከዓሣው የሚጣልላቸውን ሲጠብቁ ከእሷ የሚረዝሙትን አባ ኮዳዎች ትፈራለች፤ በሐይቁ ዳር ዛፎች ላይ የሚዘሉትን ጉሬዛዎች ባየች ቁጥር እጄን ለቅቃ ትሮጣለች። ላምም በሰፈራችን መንገድ ስታልፍ አይታለች። ማታ የት እንደምትገባ ያሳያት ሰው ግን የለም። ይህ ነገር ሲከነክነኝ አደረና በማግስቱ ኪሮሼን ከመሳቢያ አወጣሁት።

እኔና እኩዮቼ ኪሮሽ የያዝነው ለዳንቴል ነው። የሶፋ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የቴሌቪዥን ልብስ፣ የትራስ ዙሪያ። ኪሮሽም ዳንቴልም ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ኪሮሽ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በእናቶቻችን እጅ ከገቡ በኋላ ግን የእንግዳ ስም መሆናቸውን ሁላችንም ረስተነዋል። ዛሬ የሶፋው ልብስ ከሱቅ ይመጣል። ለሠላሳ ዓመት የሠለጠነ እጅ ግን ባዶውን ተቀምጧል፤ በእኛ መንደር ብቻ እንዲህ ያሉ እጆችን ስንት ቤት እንደማውቅ ብቆጥር ገጹ አይበቃኝም።

ልጄ በስልኳ ላይ አንድ የአሠራር መመሪያ አገኘችልኝ። በኪሮሽ ተሠርቶ ሙሌት የሚገባበትን አሻንጉሊት ጃፓኖች አሚጉሩሚ ይሉታል፤ በዓለም ዙሪያ የሚሠራው ብዙ ነው። መመሪያው በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃላት የታጨቀ ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ። «ደብል ክሮሼ» ሥሪ አለኝ፤ ሠራሁ። ላሟ ከታሰበው በላይ ረዝማ፣ ሰውነቷ ወንፊት ሆኖ፣ ሙሌቱ በየቀዳዳው እየታየ ወጣች። ሁለት ምሽት ከፈጀሁ በኋላ ነው የተገለጠልኝ። እንግሊዞች በዚህ ስም የሚጠሩት አጭሩንና ጥቅጥቅ የሚለውን አሠራር ነው፤ አሜሪካኖች ደግሞ በዚያው ስም የሚጠሩት ክሩ አስቀድሞ ኪሮሹ ላይ አንድ ጊዜ የሚጠመጠምበትን ረጅሙን ነው። መመሪያው የእንግሊዝ፣ የቃላት መፍቻዬ የአሜሪካ ነበር። ላሟን ተርትሬ ክሩን እንደገና ጠቀለልኩት።

ከዚያ በኋላ መመሪያውን ትቼ ወደማውቀው ተመለስኩ። እናቴ ስፌት ሰፊ ነበረች። መሶብ ከመካከሉ ይጀመራል፤ በየዙሩ እኩል እየጨመሩ ሲዞሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሰፋል፣ መጨመር ሲያቆሙ ግድግዳው ይቆማል፣ አልፎ አልፎ ብቻ ሲጨምሩ እንደ ክዳን ሾጠጥ ይላል። ኪሮሽም ሌላ ሕግ የለውም። እኛ ቤት አንዷን ጥልፍልፍ «ዓይን» እንላታለን። በ6 ዓይን ጀምሮ በየዙሩ 6 የጨመረ ሰው 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያለ ጠፍጣፋ ክብ ያገኛል። አንዱን ዙር ጨምሮ ቀጣዩን ሳይጨምር የዞረ ደግሞ የጎጆ ጣሪያ ያገኛል። አክርማና ስንደዶ የለመደች እጅ ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልጋትም።

ስለዚህ ቀይ ጣሪያውን መጋዘን ትቼ የባለቤቴን ወላጆች ግቢ ሠራሁ። ከሐዋሳ በስተደቡብ፣ ይርጋለም አጠገብ ነው። ጎጆው ክብ ነው፤ ጣሪያው እንደ መሶብ ክዳን ይነሳል። ዳንቴል ቢሆን በስኳር ውሃ ነክሬ አደርቀውና ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ልጅ አፏ ውስጥ የምትከተውን ነገር በስኳር መንከር ግን ጉንዳን መጥራት ስለሆነ፣ ክሩን ደርቤና አጥብቄ በመሥራት አቆምኩት። በሩ በአንድ ትልቅ የልብስ ቁልፍ ይዘጋል። ውስጡ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን ላሟ በአንደኛው ወገን ትታሰራለች፤ ገመዷን ፈትቶ ማሰር የልጅቱ ሥራ ነው። አሳማው ቀረና በቦታው አህያ ገባች።

ከጓሮ እንሰት አለ። ከሁሉም ያደከመኝ እሱ ነው፤ አንድ ሙሉ ሳምንት ወሰደብኝ። ቅጠሉ ሰፊ ሆኖ እንዳይወድቅ፣ መሐሉ ላይ ያለው አጥንትም እንደዚያ ግቢ እንሰት ቀላ እንዲል ፈለግሁ። ቀዩን ክር ያገኘሁት የልጄን የትምህርት ቤት ሹራብ ተርትሬ ነው። የተተረተረ ክር ተጠማዝዞ ስለሚቀር እንዳለ አይሠራበትም። ላላ አድርጌ ጠቅልዬ አጥቤ፣ ከታች ውሃ የሞላ ጠርሙስ አንጠልጥዬበት አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ሲውል ተዘረጋ። ላሟና እንሰቱ ጎን ለጎን የሆኑት ለጌጥ አይደለም፤ እንሰት የሚፋፋው በከብት ፍግ ነው። ይህንን ለልጅቱ ነግሬያታለሁ። አሁን በየማለዳው ላሟን እንሰቱ ሥር ወስዳ ታቆማትና ትንሽ ጠብቃ «በቃ ግቢ» ትላታለች።

እንስሶቹ ጣት ላይ የሚጠለቁ ናቸው፤ ላም፣ ጥጃ፣ በግ፣ አህያ፣ አውራ ዶሮ፣ እናት ዶሮ፣ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ጅብ። የእናት ዶሮዋን አሠራር እዚህ ላይ ልጻፈው፤ የሚሞክር አንባቢ ይኖራል ብዬ አምናለሁ። ኪሮሹ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ክሩ መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር ይሁን። ክሩን ጣት ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሞ በቀለበቱ ውስጥ 6 አጭር ዓይን መሥራትና ጫፉን ስቦ ቀዳዳውን መድፈን። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ዓይን ሁለት ሁለት፤ 12 ይሆናል። ለልጅ ጣት ይህ ይበቃል። ለእኔ ጣት ሲሆን በሦስተኛው ዙር በየአራተኛው ዓይን አንድ ጨምሬ 15 አደረስኩት። ከዚያ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ዘጠኝ ዙር መውረድ ነው። ዙሩ የት እንደጀመረ እንዳይጠፋ በሌላ ቀለም ክር ምልክት ማሰር ይረዳል። ምንቃሯ በቢጫ ክር ይጠለፋል፤ ለጉትዬዋ ቀይ ክር ይዞ ሦስት ትንንሽ የሰንሰለት ቀለበት መሥራት ነው።

ዓይኗን በጥቁር ክር ጠለፍኩት። ቁልፍ ወይም ዶቃ አላደረግኩም፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚላቀቅ ትንሽ ነገር ጉሮሮ ይዘጋል፤ የእኔዋ ሦስት ዓመት ቢያልፋትም የጎረቤት ሕፃን አብሯት ይጫወታል። የላሟ ገመድ አንገት ላይ እንዳይጠመጠም ከአንድ ስንዝር አሳጠርኩት። እናቶች ብዙ ጊዜ የማያስቡት ደግሞ የውስጡ ክር ነው። በአሻንጉሊቱ ውስጥ የተንጠለጠለ የክር ጫፍ የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። እኔ እያንዳንዱን ጫፍ ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሸምኜ ነው የቆረጥኩት። በጎጆው ጥግ ላለው የዶሮ ጎጆ ሦስት እንቁላል ሠርቻለሁ፤ ሊዋጡ እንዳይችሉ ልካቸውን እንደ እውነተኛ እንቁላል አደረግኩት፤ ከዶሮዋ ይበልጣሉ። ልጅቱ አንድ ቀንም አልጠየቀችኝም። መጀመሪያ በጥጥ ሞልቻቸው ሲታጠቡ ጓጎሉና ለመድረቅ ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ አሁን የሞላኋቸው የአሮጌ ትራስ ፋይበር በቶሎ ይደርቃል።

አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ባስረከብኳት ዕለት መጀመሪያ ያነሳችው አውራ ዶሮውን ነው። ጣቷ ላይ አጠለቀችው፣ ጎጆው ውስጥ ከተተችው፣ ክዳኑን ገጠመችና ከውስጥ «ኩኩሉ!» አለች። እኔ «አልነጋም!» አልኩ። እንደገና «ኩኩሉ!» አለች። «አልነጋም!» ይህን ስንት ጊዜ እንደተባባልን አላውቅም። በመጨረሻ «ነግቷል» ስላት ክዳኑን በአንድ እጇ አነሳች፣ በሌላኛው እጇ በሩን ለመክፈት ከቁልፉ ጋር ታገለች። ምላሷን አውጥታ፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቁልፉን ይዛ፣ ቀዳዳውን እየፈለገች። እኔ በአስተማሪነት ዘመኔ እርሳስ መያዝ አቅቷቸው በ«ሀ» ላይ የሚያለቅሱ ልጆች አይቻለሁ። ያ ቁልፍ የሚያሠራው እነዚያኑ ሁለት ጣቶች ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ጎጆውን ቡና ላይ ያዩ ሦስት ጎረቤቶቼ እንሥራ አሉ። ተሰበሰብን፤ ሥራው ወዲያው ቆመ። እኔ «ዓይን» ስል አንዷ «ቀዳዳ» ትላለች፣ ሌላዋ «ጥልፍ» ትላለች፣ አጭሩን አሠራርማ ሁላችንም እጃችንን እያሳየን እንጂ በስም አንጠራውም። ሁሉም ከእናቷ እጅ አይታ የተማረች ናት፤ በጽሑፍ የተማረ የለም። ዓይኗ የደከመ ወይም ራቅ ያለች ሴት ይህን ከማን ታያለች? ጋዜጣችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከእንቆቅልሹ ጎን ብትሆን እንኳ፣ አንዲት ትንሽ ዓምድ ለኪሮሽ ይስጥ። አንድ እንስሳ፣ አንድ ሥዕል፣ የዙሩ ቁጥር፣ በአማርኛ። ቃላቱም በዚያው ይረጋሉ፤ ዓይን፣ ዙር፣ ሰንሰለት፣ አጭር፣ ረጅም ብለን እንጀምር። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ይጻፍና ያርመን።

ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በከተማችን የተሰፋ ልብስ ባሕር ማዶ ይሸጣል፤ የልጆቻችን መጫወቻ ግን ከባሕር ማዶ ይመጣል። ይህን ሳስብ እጄን የሚበላኝ እኔን ብቻ አይመስለኝም። አፀደ ሕፃናት የምታስተዳድሩ ሰዎችም ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ፣ ክር ግዙልን እንጂ ድካሙን በነፃ እንችለዋለን። እኔና ጎረቤቶቼ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜ አለን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላሟን፣ የአህያዋንና የጣሪያውን አሠራር በእጄ ጽፌ አያይዣለሁ፤ የእንሰቱን ቅጠል ከወረቀቱ ጀርባ ታገኙታላችሁ። የጅቡ ገና አልተጻፈም። ልጅቱ አሁን ደግሞ ጉሬዛ ትፈልጋለች፤ በረት ውስጥ ጉሬዛ አይገባም ብላት «እንሰቱ ላይ ይቀመጣል» አለችኝ። ጥቁሩን ጨርሼ ነጩን ጅራት ጀምሬያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የእጅ ሥራ መምህርት
ከሐዋሳ