የክበብ መዝገብ ስም ብቻ አይቁጠር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ትምህርት ቤቶች ስለ ተጓዳኝ ትምህርት ሪፖርት ሲያቀርቡ የሚጽፉት የክበቦቹን ብዛትና የአባላቱን ቁጥር ነው። 60 ተማሪ የተመዘገበበት የድራማ ክበብ በወረቀት ሲታይ ያኮራል። መድረክ የሚወጡት ግን ስምንት ናቸው። የቀሩት ዳር ቆመው ያዩና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት መምጣት ያቆማሉ። ከዚያ «የዛሬ ልጆች ፍላጎት የላቸውም» ይባላል። ልጆቹ የቀሩት የሚሠሩት ስላጡ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮጀር ባርከርና ፖል ገምፕ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ያሉ ትልልቅና ትንንሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አነጻጽረው ነበር። በትልልቆቹ የእንቅስቃሴው ዓይነት ይበዛል፤ ኃላፊነት ይዞ የሚሠራው ተማሪ ድርሻ ግን በትንንሾቹ በልጦ ተገኘ። ሰው ሲያንስ ዓይን አፋሩም ጀማሪውም ይፈለጋልና።

ስለዚህ ትልቁን ክበብ መክፈል ይበጃል። 60ውን በ15 በ15 ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን የ20 ደቂቃ ድራማ መስጠት ነው። ከምዝገባው በፊት ሥራዎቹ ተዘርዝረው ይለጠፉ፤ ተዋናይ፣ ጽሑፍ ይዞ የሚያስታውስ፣ አልባሳት፣ ድምፅና መብራት፣ የመድረክ ዕቃ፣ ማስታወቂያ። ተማሪው ስሙን የሚጽፈው ከአንዱ ሥራ ፊት ለፊት ይሁን። በየስድስት ሳምንቱ ሥራ ይቀያየሩ። እዚህ ላይ የምንሳሳተው እኛው መምህራን ነን፤ የወላጆች ቀን ሲቃረብ ዝግጅቱ እንዳይበላሽብን ብለን ዋናውን ቦታ ሁሌ ለለመዱት ልጆች እንሰጣለን።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ክፍል ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቁ ከተባሉ ብዙዎቹ ይሄዳሉ፤ በተለይ ቤት ውስጥ ሥራ የሚጠብቃቸው ልጃገረዶች። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እንዳበቃ ተጀምሮ ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ቢበቃው፣ ካልሆነም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ በመደበኛው ፕሮግራም ቢያዝለት ይሻላል። ሁለት ጊዜ የቀረ ልጅ ሳይውል ሳያድር ይጠየቅ፤ ከወር በኋላ ቢጠየቅ አይመለስም።

ውጤቱ ዝቅ ያለን ተማሪ ከክበብ ማገድ ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው። ከትምህርት ቤት ጋር ያስተሳሰረው ኳሱ ወይም ሙዚቃው ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለት ቀን የሚለማመድ ከሆነ አንዱን ቀን ለማጠናከሪያ ትምህርት ማዋል፣ ሌላውን ለልምምዱ መተው ነው። በሌላ በኩል በአራት በአምስት ክበብ የሚሯሯጡም አሉ። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋልና ሁለት ክበብ ይበቃቸዋል።

የክበብ ሪፖርት የሚቀበሉ ኃላፊዎች ከአባላት ቁጥር ጎን ሁለት ዓምድ እንዲጨምሩ እንጠይቃለን፤ «የተሰጠው ሥራ» እና «የሠራበት ቀን» የሚሉ።

ከሰላምታ ጋር፣
ተጓዳኝ ትምህርት የምናስተባብር መምህራን