ለእማዬ፣ ከቤይሩት

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን ደህና ነኝ። ኅዳር 18 ተኩሱ ከቆመ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀምሯል።

ባለፈው ስንደዋወል «እንግዲህ ለእግዚአብሔር ምን እረባለሁ? ዐውደ ምሕረቱን አልጠርግ፣ ውኃ አልቀዳ» ያልሽው ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ። የእኅቴ ልጅ ታንብብልሽ።

መስከረም ላይ የእስራኤልና የሂዝቦላህ ጦርነት ሲበረታ ከደቡብ ሊባኖስና ከቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ ከዳሂያ ብዙ እኅቶቻችን ሸሽተው መጡ። አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሄዱም አሉ። ለተፈናቃይ ከተከፈቱት መጠለያዎች ብዙዎቹ የውጭ ሰው ስለማይቀበሉ፣ ቤይሩት ዳር ዶራ በሚባል ሰፈር የተከራየናት አንዲት ክፍል ሞላች። የማጸዳላቸው ሰዎች ስለሸሹ እኔም ሥራዬ ቆሞ ነበር። ያለችንን ሽሮ አበዛንና አብረን በላን።

አንድ ማታ አንዲት ልጅ በደቡብ ካለችው ነባቲዬ ከተማ፣ ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ በነጠላ ጫማ መጣች። ውኃ አሙቄ በሳፋ አቀረብኩላት። እግሯን ስይዘው «እትዬ፣ ኧረ በማርያም ተይ» ብላ ሳበችው። ተረከዟ ተሰንጥቆ ደምና አቧራ ተጋግሮበታል። የካልሲዋ ክር ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ በለብታው ውኃ እያራስኩ ቀስ ብዬ አላቀቅሁት። ጴጥሮስም እንዲሁ እንቢ ብሎ ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ አንቺ ሁልጊዜ ታለቅሺ ነበር፤ አሰብኩሽ።

እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ውጭ ፍንዳታው ይሰማል፣ እጄ ላይ ሳንቲም የለም፣ ልቤ ግን በደስታ ተሞላ። ደመወዜን በሰዓቱ በምቀበልበት በደጉ ጊዜ እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ስፈራ የማስበው ስለ ራሴ ብቻ ነበር። ሰው እግር ሥር ዝቅ ስል ግን ስለ ራሴ የማስብበት ፋታ አጣሁ፤ ፍርሃቱም ለቀቀኝ። መከራው ቀረ ማለቴ አይደለም፤ ሕንጻው ሲንቀጠቀጥ ተቃቅፈን ያለቀስንበት ሌሊት አለ። ቅዱስ ጳውሎስም የፊልጵስዩስን ሰዎች «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ያላቸው እስር ላይ ሆኖ ነው። ቃሉን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ሰሞን ግን ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ።

ስለዚህ አልረባም አትበይብኝ። ነቢይት ሐና የ84 ዓመት መበለት ሆና ሌሊትና ቀን የምታገለግለው በጾምና በጸሎት ነበር፤ ሕፃኑንም በመቅደስ ያየችው በዚያ ዕድሜዋ ነው። እኔ ደግሞ ሥራ ልሰጥሽ ነው። ውዳሴ ማርያም ስትደግሚ እነዚህን በክርስትና ስማቸው ጥሪልኝ፦ ወለተ ማርያም፣ እግሯን ያጠብኳት ናት፣ ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ ጋር ቀርቶ አገሯ መግባት አልቻለችም፤ ፍቅርተ ማርያም፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስምንተኛ ወሯ ነው፣ ከእኛ በቀር ሰው የላትም፤ ወለተ ሥላሴ፣ ሌሊት እየባነነች ትጮኻለች። ሌሎቹን በሚቀጥለው እልክልሻለሁ።

መድኃኒትሽን አታቋርጪ። ጾሙንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከማዋልሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

ልጅሽ ወለተ ገብርኤል