"ታይፎይድና ታይፈስ ብቻ እዩልኝ" ለምትሉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የምሰራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ይሄን የምፅፈው እዚህ ሰፈር ትኩሳትና ራስ ምታት ያለው ሰው ሁሉ ምርመራውን ራሱ መርጦ ነው የሚመጣው፣ "ታይፎይድና ታይፈስ ብቻ እዩልኝ" ይላል፣ ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ከያዘ ደሞ በቃ መድኃኒቱን ገዝቶ ይሄዳል።

ያ የታይፎይድ ምርመራ ዊዳል ይባላል፣ ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው። ባክቴሪያውን አያሳይም እኮ! የሚያሳየው ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው፣ እሱ ደግሞ ከዳንን በኋላም ለወራት ደም ውስጥ ይቆያል፣ ሌሎች ተቀራራቢ ባክቴሪያዎችም ያስነሱታል። ስለዚህ ድሮ ታይፎይድ የያዘው ሰው ዛሬ በሌላ በሽታ ቢተኛም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። የታይፈሱም ምርመራ ያው ነው፣ ብቻውን አይታመንም። ታይፎይድን የሚያረጋግጠው የደም ካልቸር ነው፣ ባክቴሪያውን አሳድገን የቱ መድኃኒት እንደሚገድለው ጭምር ለሐኪሙ እንነግረዋለን፣ ግን ቀናት ይፈጃል፣ እኛ ጋ ያለ ትንሽ ላብራቶሪም አይሰራውም። የቀን ሰራተኛ ያንን ሁሉ ቀን ስራ ፈትቶ መጠበቅ እንደማይችል አውቃለሁ፣ አልፈርድበትም፣ ግን በዊዳል ብቻ መርፌ ሲወጋ ሌላው በሽታ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል።

በተለይ ወባ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ወባ የለም ብለን እንዘናጋለን፣ ዳር ያለነው ሰዎች ግን ብዙዎቻችን ተመላላሽ ነን፣ ሹፌሩ ከአፋር መስመር ይገባል፣ ግንበኛው ከጋምቤላ ሳይት ይመለሳል። አንድ ሹፌር ሌላ ቦታ ሁለቴ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጥቶት አልሻለው ብሎ እኛ ጋ መጣ፣ ብለድ ፊልም ስሰራለት፣ ማለትም ደሙን ስላይድ በምንለው መስታወት ላይ ቀብቼ ሳየው፣ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነበር። ይሄ ዓይነቱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚያገረሽ ክሎሮኪኑ ላይ ፕሪማኪን ይጨመርበታል፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ደሞ መድኃኒቱ ኮዋርተም ነው፣ ይሄኛው ወባ ቶሎ ካልታከመ አንጎል ድረስ ሄዶ ሊገድል ይችላል። የቱ እንደሆነ የሚለየው ስላይዱን ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ የሚያየው ባለሙያ ነው። በቅማል የሚተላለፈው ተመላላሽ ትኩሳትም እዛው ስላይድ ላይ ይታያል፣ ተጨናንቀው የሚያድሩ የቀን ሰራተኞች ላይ ይሄን ማሰብ አለብን። አንዴ ኔጌቲቭ አለ ተብሎም አይተውም፣ ትኩሳቱ ከቀጠለ ይደገማል።

ስለዚህ እባካችሁ ስትታመሙ መጀመሪያ ሐኪሙን አዋሩ፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ ንገሩት፣ ምርመራውን እሱ ይምረጥ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ ጀምራችሁ ከሆነም አትደብቁን፣ ፀረ ባክቴሪያ የወሰደ ሰው ደም ካልቸር ላይ ምንም ላያበቅል ይችላል፣ እኛም ባዶ ውጤት ይዘን እንቀራለን።

የክሊኒክ ባለቤቶችና ሐኪሞችም ብትሰሙኝ፣ የምርመራ ማዘዣው ላይ "ትኩሳት" ብቻ ፅፋችሁ አትላኩልን፣ በሽተኛው ቆላ ሄዶ እንደነበር፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ አንድ መስመር ጨምሩበት፣ ውጤቱ ከምልክቱ ጋር አልሄድ ካላችሁ ደሞ ላብራቶሪ ክፍል ብቅ ብላችሁ ጠይቁን፣ ስላይዱን አብረን እናየዋለን።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከቱሉ ዲምቱ