ለእማዬ፣ ስለ ድምፅሽ

ውድ እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ «አያታችን መቼ ትመጣለች?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ደውዬ ብነግርሽ ይቀለኝ ነበር። ግን ስለ ድምፅሽ ባነሳሁ ቁጥር «ብርድ መቶኝ ነው፣ ይሄ ቬንትሌተር ነው» ትይና ወሬ ትቀይሪያለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የታኅሣሥ 19ኙ ቁልቢ ከዓይኔ አልጠፋም። ታቦቱ ሲወጣ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። እልል ልትዪ አፍሽን ስትከፍቺ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ነጠላሽን ሳብ አድርገሽ አፍሽን ሸፈንሽ። እኔም ያላየሁ መሰልኩ። ያኔ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚራ ሙሉ የሚያውቀው እልልታ ነበር እኮ!

ሰሞኑን ቴሌግራሜን ስበረብር ከሁለት ዓመት በፊት የላክሽልኝን ቮይስ አገኘሁ። «ማንጎ ልኬልሻለሁ፣ አውቶቡሱ ሲገባ ቶሎ ተቀበይ፣ በሙቀቱ እንዳይበላሽ» ትያለሽ። ከሱ ቀጥሎ ያለፈውን ሳምንት ከፈትኩ። የሁለት ሰው ድምፅ ነው የሚመስለው። የአሁኑ ሻካራ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቆረጣል።

አንድ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄጄ ነገርኩት። ስለ ጉሮሮሽ ይጠይቀኛል ስል፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ጣቶችሽ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶችሽ ተሳስረው የቡና ስኒ መያዝ እንደሚያቅትሽ፣ ለዓመታት ለመገጣጠሚያ በሽታሽ፣ ለሩማቶይዱ፣ መድኃኒት እንደምትወስጂ ነገርኩት። «ማንቁርትም እኮ መገጣጠሚያ አለው» አለኝ።

እኔ አላውቅም ነበር። ማንቁርት ውስጥ ከኋላ በኩል ሁለት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ። ስንተነፍስ የድምፅ ክሮቹን ይከፍታሉ፣ ስናወራ ይገጥሟቸዋል። ልክ እንደ ጣትሽ መገጣጠሚያ ውስጣቸው ስስ ሽፋን አለ። ያንቺ በሽታ ደግሞ የሚያጠቃው ይህንኑ ሽፋን ነው። ሰውነት ራሱን መከላከል ትቶ ራሱን ሲወጋ ጣት ብቻ አይመርጥም። እነዚያ መገጣጠሚያዎች ሲያብጡና ሲደርቁ ድምፅ ይሻክራል። ጉሮሮ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር ያለ ይመስላል፤ ሲውጡ ያማል፤ ሕመሙ ወደ ጆሮም ይዘልቃል። ጆሮሽን ይዘሽ ምራቅሽን ስትውጪ ስንቴ አይቼሻለሁ! ክሊኒክ ሄደሽ «ቶንሲል ነው» ተብለሽ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ጨረስሽ። አንዱም አልጠቀመሽም።

እርግጥ ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። በዚህ በሽታ የድምፅ ክር ላይ ትንንሽ እብጠት የሚወጣበት ሰው አለ። አፍና ጉሮሮው የሚደርቅበትም አለ። የሕመም ማስታገሻው ጨጓራሽን ነክቶት አሲዱ ወደ ላይ እየመጣ ሊሆንም ይችላል። ዝንጅብልና ማሩን እንደምትጠጪ አውቃለሁ። ግን የቱ እንደሆነ አይነግረንም። ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ አስገብቶ የድምፅ ክሮችሽን ማየት አለበት። ከ4 ሳምንት ያለፈ የድምፅ መሻከር ደግሞ ማንም ይኑርበት መታየት አለበት ብሎኛል። ያንቺ ወራት አልፎታል።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርሽ። ከፋሲካ በኋላ ለሐሞት ጠጠሩ ኦፕራሲዮን ትገቢያለሽ። ሲያስተኙሽ ለመተንፈሻ ቱቦ በማንቁርትሽ ያስገባሉ። መገጣጠሚያው የደረቀ ከሆነ መንገዱ ጠባብ ነው። ቱቦው ከወጣ በኋላም አብጦ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። በዚህ በሽታ የላይኞቹ የአንገት አጥንቶችም ሊላሉ ስለሚችሉ አንገትሽን እንዳገኙ ቀና ማድረግ የለባቸውም። ሰመመን ሰጪው አስቀድሞ ካወቀ ይዘጋጃል፤ ቀጭን ቱቦ ያቀርባል፣ አንገትሽን ራጅ ያስነሳል። ካልነገርሽው ግን አያውቅም። «ስለ ሆድ ነው የመጣሁት፣ ስለ ጉሮሮ ምን አገባቸው» እንዳትዪ፣ በሞቴ። «ሩማቶይድ አለብኝ፣ ድምፄም ተለውጧል» በያቸው። ይህን ብቻ።

የማክሰኞዋን የሩማቶይድ ኪኒን ደግሞ «ተሻለኝ» ብለሽ አታቋርጪ። በሳምንት አንድ ቀን ናት፤ ሌላ ቀን አትደግሚያትም። የማንቁርቱ ሕመም ከዚያው በሽታ ከሆነ የሚታከመው በሽታው ሲረጋ ነው። ሐኪሙ አይቶ መድኃኒቱን ሊቀይር ወይም ለጊዜው ሌላ ሊጨምርልሽ ይችላል።

ሌሊት ትንፋሽ ስትስቢ ፉጨት የሚመስል ድምፅ ከሰማሽ ወይም አየር ካጠረሽ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ። ጎረቤት ቀስቅሺ። በዚያችው ሰዓት ባጃጅ ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። «ሰው በሌሊት አላስቸግርም» ማለትሽን አውቃለሁ። አስቸግሪ፣ እማዬ።

ዓርብ ማታ እነሳለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ። ሰኞ አብረን የአንገት በላይ ሐኪም ጋ እንሄዳለን፤ ድሬ ካልተመቸ ሐረር እንወጣለን። የመድኃኒቶችሽን ካርቶን በሙሉ፣ ባዶውንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል አድርገሽ ጠብቂኝ። የድሮውን ቮይስ እኔ ስልኬ ላይ ይዤ እመጣለሁ። ሐኪሙ ድምፅሽ እንዴት እንደነበር ይስማው።

ልጅሽ